እሳት የማይበላው ማሳ

ሐምዳን ያቀፈውን የደረቀ የማሽላ አገዳ ከዛፎቹ ሥር ሲያራግፍ አንድ ፍሬ ከቅርንጫፉ ረግፎ ትከሻውን መታው። ገና የእርግብ እንቁላል የሚያህል፣ ጠንካራና አረንጓዴ ማንጎ ነበር። ጎንበስ ብሎ አነሣውና ለጥቂት ጊዜ በመዳፉ ይዞት ቆየ። ከዚያ ወደ አገዳው ክምር ወረወረውና ሌላ ሸክም ሊያመጣ ተመለሰ።

ወሬው የደረሰው ጎህ ሲቀድ ነበር። ወንዝ ዳር ያደረ ወርቅ አጣቢ እየሮጠ መጥቶ ፈረሰኞቹ ከመንጌ በታች ሰፍረው እንዳያቸው ተናገረ። ስንት እንደሆኑ የጠየቀው አልነበረም። ከነማን ወገን እንደሆኑም የጠየቀው የለም። በበጋ የሚመጣ ፈረሰኛ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ሰውን በገመድ አስሮ ነድቶ ይሄዳል፤ የተወሰደም አይመለስም። በዚህ አገር ተመልሶ የታየ ሰው ቢኖር ሐምዳን ብቻ ነበር።

መንደሩ ከአንድ ትልቅ ቋጥኛማ ኮረብታ ግርጌ ተቀምጧል። ባሪያ ፈንጋይ ሲመጣ ሕዝቡ ወደ ቋጥኙ ይወጣል፤ ከኋላው ደግሞ እሳት ይተዋል። በዙሪያው ያሉ አገሮች ሣሩን አዝመራ እንደተሰበሰበ ሲያቃጥሉ፣ የዚህ ኮረብታ ሰዎች ግን እስከ ዝናቡ መባቻ ሳይነኩት ይቆያሉ። አገዳው ከነቁመቱ ይተዋል፤ ያረፈው መሬት ሣር ሰው እስኪያህል ያድጋል። ከመንደሩ ውጭ፣ ጎጆዎቹ ዙሪያ ከተጠረገው አፈር ወዲያ፣ ማሳዎቹና ሣሩ ኮረብታውን እንደ ቀለበት ይከቡታል። ያ ቀለበት አጥራቸው ነበር። ሲነድ ፈረስ አያልፈውም፤ ነዶ ሲያበቃም መሬቱ እስከ ማግሥቱ ኮቴ ያቃጥላል። ፈንጋዮችም ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት ምክንያት የላቸውም። ሌላ መንደር ሞልቷል።

እሳቱ የራሱ ሥርዓት አለው። በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆነው ጁምዓ ከራሱ ማሳ ይጀምራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በየማሳው ይለኩሳል። በሌላ ሰው ማሳ ላይ እሳት የሚጭር የለም። አንድ ሰው ዱር ሲያቀና መጀመሪያ ከምድጃው ፍም አምጥቶ ያቃጥለዋል፤ መሬቱ የእርሱ የሚሆነው በዚያ ፍም ነው። ሌላ ሰው በዚያ መሬት ላይ እሳት ከጫረ «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ አይደለም» እንዳለው ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት የሰው ደም የፈሰሰበት ጊዜ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የሟቾቹን ስም እስከ ዛሬ ያውቁታል።

ይህን አጥር ያፈረሰው የሐምዳን ማሳ ነው።

ልጅ ሳለ ደርቡሾች ወስደውት ነበር። ሮሴረስ ከተማ አጠገብ በአንድ ነጋዴ የአትክልት ቦታ ውሃ እየቀዳ አደገ። ከሁሉ ይበልጥ የገረመው የቦታው አለመንቀሳቀስ ነበር። በአገሩ መሬት ጥቂት አዝመራ ከሰጠ በኋላ ይደክማል፤ ሰው ትቶት ሌላ ዱር ያቀናል። እዚያ ግን ዛፎቹ የተከሏቸው ሰዎች ከሞቱ በኋላም ያፈሩ ነበር፤ ከሥራቸው ባቄላና ሽንኩርት ይበቅላል፤ የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን ያበላዋል። ሐምዳን ሲያመልጥ ጥቂት የማንጎ ዘር በእርጥብ አፈር ጠቅልሎ ወገቡ ላይ አሰረ። ሌላ ሊይዝ የሚገባው ነገር ብዙ ነበር። ግን ከቦታው የተነቀለ ሰው ነበርና ከሁሉ በፊት የታየው ይህ ነው።

አሁን ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዛፎቹ በማሽላው መካከል በረድፍ ቆመዋል። ዱር ሲያቀና የነበሩትን ዋንዛዎችም አልቆረጣቸውም። ከጥላው ሥር ሣር አይበቅልም፤ የወደቀው ቅጠል በበጋም ቢሆን ከበታቹ እርጥብ ነው። ዛፍ አጠገብ ያለው ማሽላ ቁመቱ ያጥራል፤ ይህን ሐምዳን ራሱ አይክድም ነበር። መሬቱ ግን አልደከመም። ጎረቤቶቹ ሁለት ጊዜ ማሳ ሲቀይሩ እርሱ ባለበት ቆየ። አንበጣ ማሽላውን በበላበት ዓመት ከዛፎቹ ሥር የተረፈውን ባቄላ የሳቁበት ሰዎች ሳይቀሩ ተካፍለው በልተዋል።

አምና ጁምዓ መጥቶ ማሳውን እየዞረ አይቶ ነበር። «እሳት ይህን አይበላውም» ብሎት ነበር። ሐምዳን አንድ ዓመት እንዲታገሠው ለመነው፤ ፍሬውን አንድ ጊዜ ብቻ ሕዝቡ ይቅመሰው፣ ከዚያ በኋላ ትቆረጥ የተባለችውን እቆርጣለሁ አለ። ሽማግሌውም ታገሠው። ዛሬ ሁለቱም ይህን ያስታውሳሉ፤ አንዱም አላነሣውም።

አሁን ለመቁረጥ ጊዜ የለም፤ ቢቆረጥም እርጥብ እንጨት አይነድም። ያለው አማራጭ አንድ ነው። ማሳው ራሱ እንዲነድ በደረቅ ነገር መሙላት።

የመንደሩ ግማሽ ሰው አገዳ፣ ሣርና የደረቀ ቀርከሃ ይሸከም ነበር። ጎረቤቱ ኻሚስ ትልቅ የቀርከሃ እስር ከትከሻው አውርዶ ላቡን ጠረገ።

«ወላሂ ሐምዳን፣ ሰባት ዓመት ውሃ አጠጣሃቸው፤ ዛሬ ደግሞ ገለባ ታበላቸዋለህ። ዛፍ ነው የተከልኸው ወይስ አህያ?»

አንዳንዶች ሳቁ። ሐምዳንም ፈገግ አለ። ኻሚስ በለቅሶ ቤትም ይቀልዳል፤ ሸክሙ ግን ከሁሉም ሸክም ይበልጥ ነበር።

«አህያ ቢሆን ነድቼው ቋጥኙ ላይ እወጣ ነበር» አለው።

ጁምዓ በቀርከሃ በትሩ እየተደገፈ መጣ። ክምሩን በበትሩ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገው፤ ከበታቹ ያለውን ጥቁር እርጥብ ቅጠል አወጣ።

«መሃሉ ይቀራል» አለ።

«ይቀራል፣ ዐም ጁምዓ» አለ ሐምዳን፣ ሽማግሌውን እንደ አጎት እየጠራ። «ቀርከሃውን ለመሃሉ ነው ያስቀረሁት።»

«ጥላው እሳቱን ከበታች ያፍነዋል። ከፍ አድርገህ ከምር፤ ቅጠሉን እንዲነካ።»

ቅጠሉን እንዲነካ። ሐምዳን አዎ አለና ቀርከሃውን በግንዶቹ ዙሪያ እያቆመ መደገፍ ጀመረ። ቅርፊቱ ለስላሳ ነበር። በክረምት ምስጥ እንዳይበላው በየግንዱ ሥር አመድ የነሰነሰው፣ ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ያጠረው በዚሁ እጁ ነው። እጁ ግን አላመነታም። ይህ ራሱን አስደነገጠው። ሰው የሚወድደውን ነገር ለእሳት ሲያዘጋጅ እንዲህ በጥንቃቄ፣ እንዲህ አሳምሮ ይሠራል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ፀሐይዋ ወደ መሃል ሰማይ ስትጠጋ ሚስቱ ኢንዓም የሣር ሸክም በጭንቅላቷ ተሸክማ መጣች። ከማሳው ዳር ስትደርስ ግን አላወረደችውም። ከወንዙ ማዶ ወዳለው ኮረብታ እያየች ቆመች። በዚያ ኮረብታ ግርጌ የሐምዳን እኅት ጣሂራ ከባሏ ከማህጁብ ጋር ትኖራለች።

«ሐምዳን» አለች በቀስታ፤ «ማህጁብ እኮ እንደ አንተ ነው የተከለው።»

ሐምዳን ቀና ብሎ አየ። ሣሩ ቢጫ ነበር፤ ኮረብታው ግራጫ። በሁለቱ መካከል፣ ወደ ወንዙ በዞረው በኩል፣ አንድ አረንጓዴ ቦታ አለ። ሁልጊዜ ሲያየው ደስ የሚለው ቦታ ነበር። ችግኞቹን የሰጠው እርሱ ነው። «ለውሃው በሚቀርበው በኩል ትከላቸው» ያለውም እርሱ ነው። ማህጁብ ከመምህሩ የበለጠ ተማሪ ሆነ። አንዲት የሣር ዘለላ ከዛፎቹ ሥር እንድትቀር አይፈቅድም፤ በየማለዳው ይኮተኩታል፤ የመንደሩንም ሰው «እናንተም ትከሉ» እያለ ያሰለቻል። የዚያ መንደር አጥር እንደዚህኛው ሣር ነው፤ ሥርዓቱም አንድ ነው። ክፍተቱ ደግሞ ፈረሰኛ በሚመጣበት በኩል ነው።

ማህጁብ የለም። ወርቅ ሊያጥብ ወደ ቆላ ከወረደ ሳምንት አልፎታል።

ሐምዳን ቀርከሃውን ጣለና ወደ ጁምዓ ሄደ። የተናገረው በአጭሩ ነበር። ሽማግሌው በሐምዳን ጣት አቅጣጫ ወደ ማዶ ዞረ።

«ልሂድ» አለ ሐምዳን። «ሮጬ እደርሳለሁ።»

«ይህንንስ ማን ያቀጣጥለዋል?»

«አንተ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ፈቅጄልሃለሁ።»

«ፈቃድህን ሰማሁ» አለ ጁምዓ። «ዛሬ ለፈረስ ብዬ በሰው ማሳ እሳት ከጫርሁ፣ ነገ ለመሬት ብሎ የሚጭር አይጠፋም። ጁምዓ አድርጎት የለም ወይ ይላል። ይህን ትቼላችሁ አልሞትም።»

ኻሚስ ሸክሙን እንደያዘ «ያ ሼህ፣ ነገ በመሬት የሚጣላው ሰው ዛሬ ይትረፍ እንጂ!» አለ።

ሐምዳን ሊቆጣ ፈለገ፤ አልቻለም። በሮሴረስ ሳለ መሬት በጉልበት ሲነጠቅ አይቷል። እዚህ አንድ መሃይም ገበሬ ከአገሩ ገዢ ከሼኩ ዘመድ እኩል በማሳው የሚተኛው በዚህች ደረቅ ሕግ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ማሳ መቀየር ትቶ በአንድ ቦታ ሲቀመጥ፣ ማንም ያልነካው በዚህች ሕግ ነው።

«ሰው እንላክ እንግዲያው።»

«ሄዶ ምን ይበል? ባለማሳው የለም። ጣሂራ ሴት ናት፤ የባሏን መሬት ለእሳት ስጪ ቢሏት ነገ ምን ትለዋለች? ሽማግሌዎቻቸውም እኔ ያልኩህን ነው የሚሏት።»

ኢንዓም ሸክሟን እስካሁን አላወረደችም ነበር። ወንዶች በእሳት ጉዳይ ሲነጋገሩ ሴት አትገባም፤ እርሷም ገብታ አታውቅም።

«ዘሩ የማን ነው?» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ችግኙ ከዚህ ነው የሄደው። ዛፉ የሐምዳን ነው። ከሐምዳን ምድጃ ፍም ይዤ እሄዳለሁ። እሳቱም የሐምዳን ይሁን።»

ጁምዓ መሬት መሬት አየ። እንዲህ ያለ ነገር ከአባቱም ከአያቱም አልሰማም። ዛፍን ከመሬቱ ለይቶ ያሰበ ሰው በዚህ ኮረብታ ኖሮ አያውቅም፤ ከሐምዳን በፊት ዛፍን የተከለም ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ዛፉ የእርሱ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «መሬቱ ግን የማህጁብ ነው። ይቀበሉሽ እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ።»

«እኔም አላውቅም» አለች ኢንዓም፤ ሣሩንም ከዛፉ ሥር አውርዳ ወደ ቤት ሄደች።

ሐምዳን ተከተላት። ፍሙን በገል አድርጋ አመድ አለበሰችው፤ በላዩ ሌላ ገል ደፍታ በሣር ገመድ አሰረችው።

«በጫካው በኩል ሂጂ» አላት። «ሜዳው ላይ እንዳትታዪ።»

«ጣሂራ እምቢ ካለች?»

«አትልም።»

«ካለች ነው የምልህ።»

«ከእርሷ ጋር ወደ ቋጥኛቸው ውጪ። ወደዚህ አትመለሺ።»

ኢንዓም ገሉን በጉያዋ ያዘች። ደጃፉ ላይ ሆና ዞር አለች። ሌላ ነገር ልትል የፈለገች መስሎት ጠበቀ።

«በዋንዛው ሥር ገለባ አላደረግህም» አለች። «እርሱም ክፍተት ነው፤ አትርሳ።»

ከዚያ ሄደች። ሐምዳን ከዋንዛው ሥር ገለባ ሲጎዘጉዝ ነጠላዋ በቀርከሃው ጫካ ውስጥ ጠፍቶ እንደገና ሲታይ፣ ደግሞም ሲጠፋ አየ።

ፈረሰኞቹ ከታሰበው ሰዓት ቀደሙ። ከቋጥኙ ጫፍ የሚጠብቀው ሰው ሲጮህ ሴቶችና ልጆች ወደ ላይ ወጡ፤ ፍየሎች ተነዱ፤ አንዲት አሮጊት በሁለት ሰው ትከሻ ተይዛ ወጣች። በሜዳው ዳር አቧራ ይታይ ነበር። ጁምዓ ከማሳው ጥግ ተንበርክኮ ቢስሚላህ አለና ፍሙን ሣሩ ውስጥ አኖረው።

እሳቱ በቀኝም በግራም ሮጠ። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ በማሳው ላይ ይለኩሳል፤ ነበልባል ከነበልባል እየተያያዘ ቀለበቱ ይገጥማል። ወደ ሐምዳን ማሳ ሲደርስ ከሁለቱም ወገን ቆመ። በመካከል የእርሱ ዛፎች ነበሩ።

ሐምዳን ችቦውን ይዞ ከገለባው ፊት ቆሟል። ቀድሞ ያሰበው ሐዘን ነበር። የመጣበት ግን ሌላ ነገር ነው። በልቡ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ አይንደድ ይል ነበር። ፈረሰኞቹን እያየ፣ ቋጥኙ ላይ የወጡትን ሕፃናት እያሰበ፣ አሁንም አይንደድ ይላል። ይህን ድምፅ ሰው እንደሰማበት ሁሉ አፍሮ ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለኮሰው።

መጀመሪያ ጭስ ብቻ ሆነ። ነጭ፣ ከባድ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ጭስ። እርጥቡ ቅጠል ተንሿሿ። ነበልባሉ ገለባውን በልቶ ከመሃሉ ሲደርስ ዝቅ አለ። ሐምዳን በእጁ ሣር እያፈሰ ወረወረ፤ ኻሚስም ከማሳው ድንበር ሳያልፍ ከውጭ ሆኖ እስሩን ያቀብለው ነበር፤ ዓይኑ በጭሱ ያለቅሳል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። በመጨረሻ እሳቱ ቀርከሃውን አገኘ። አንጓዎቹ እንደ ጠመንጃ መፈንዳት ጀመሩ፤ ነበልባሉ በግንዶቹ ላይ ወጣ፤ ቅጠሎቹ በአንድ ጊዜ ተኮማትረው ቡናማ ሆኑ። ከዚያ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነበር። ሰባት ዓመት የወሰደው ነገር ሐምዳን ወደ ቋጥኙ ግማሽ መንገድ እስኪወጣ ድረስ አልቆየም።

ከላይ ሲደርስ ሰዎች ቦታ ለቀቁለት። አንዲት ሴት ውሃ ሰጠችው። ቀለበቱ ተዘግቷል። ጥቁርና ቀይ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነድዳል፤ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለበትም።

ፈረሰኞቹ ከወንዙ ወዲህ ቆሙ። ፈረሶቹ ከጭሱ ፊታቸውን ሲያዞሩ ይታያል። አንዱ ፈረሰኛ ከማሳዎቹ ዳር ዳር ወደ ቀኝ ጋለበ፤ ተመልሶ ወደ ግራ ጋለበ፤ በሐምዳን ማሳ ፊት ጥቂት ቆመና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ከዚያ ፈረሰኞቹ ሁሉ ዞሩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አንድ ሰው፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ኻሚስ ሐምዳንን ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ፤ ግን የሐምዳንን ዓይን ተከትሎ ሲያይ እጁን መለሰ።

ፈረሰኞቹ ወንዙን እየተሻገሩ ነበር።

ከማዶ ያለው መንደር ቀለበቱን ለኩሷል። እሳቱ ከኮረብታው በስተጀርባ ዞሮ በሁለት ወገን እየመጣ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች እየተቀራረቡ መጥተው ወደ ወንዙ በዞረው በኩል ቆሙ። በመካከላቸው አረንጓዴው ቦታ እንዳለ ነው። ከዚህ ሆኖ ሲታይ መዳፍ የማይሞላ፣ ለዓይን የሚያምር ቦታ ነው። ፈረሰኞቹ ወደዚያ አቅጣጫ ሲያቀኑ አልተጣደፉም፤ በሩ ክፍት ወደሆነ ቤት እንደሚሄድ ሰው በሶምሶማ ይሄዱ ነበር።

ኢንዓም ደርሳለች። መድረስ አለባት። ሐምዳን መንገዱን በልቡ ሄደው፤ ጫካውን፣ ድንጋያማውን መሻገሪያ፣ የጣሂራን ደጃፍ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን መሄድ አልቻለም። ሽማግሌዎቹ ምን አሏት? ገለባ ከመሩላት? ጣሂራ ለቀቀችላት ወይስ ከዛፎቹ ፊት ቆመች? ጣሂራ እኅቱ ናት፤ የወንድሟን ቃል ታከብራለች። ማንም እንዳይነካቸው፣ ከፍየልም ከልጅም እንድትጠብቃቸው የነገራትም ይኸው ወንድሟ ነው።

ጁምዓ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ሽማግሌው ከሩቅ አጥርቶ አያይም።

«ምን ይታይሃል?» አለ።

ከአረንጓዴው ቦታ አንድ ግራጫ ነገር ተነሣ። ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ጥቂት ሰፋ። የፊተኛው ፈረስ ከዛፎቹ ዳር ደርሶ እንደሆነ ከዚህ መለየት አይቻልም።

«ጭስ ነው» አለ ኻሚስ። «ጭስ ነው፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። አየኸው?»

ጭስ ከሆነ ወደ ላይ ይወጣል። አቧራ ከሆነ ወደ ጎን ይበተናል። ሐምዳን ፀሐይዋን በእጁ ከለላት፤ ከበታቹ የራሱ ማሳ አሁንም ይፈነዳል። እርሱ ግን ወደ ማዶ እያየ፣ ያ ግራጫ ነገር ወደ ላይ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር።